እየሄደ በድንገት የሚጠፋ ሞተር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ባለ 1500 ሞተር ቮልስዋገን አለኝ። ችግር ከጀመረው ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ሳስነሣው ወዲያው ይነሣል፤ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) የተረጋጋ ነው። ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአርባ ደቂቃ ጉዞ በኋላ ግን ሳይንተፋተፍና ሳያስጠነቅቅ፣ ሰው ቁልፉን ያዞረበት ይመስል ጸጥ ይላል። ዳር ይዤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ በቀን ሁለቴ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደኅና ይሠራል።

መጀመሪያ ያየው መካኒክ ቤንዚኑ በሙቀት እየተነነ መስመሩን ስለሚዘጋው ነው ብሎ ቱቦዎቹን ሙቀት በሚከላከል ነገር ጠቀለላቸው፤ ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው የነዳጅ ፓምፑን፣ ካንዴላዎቹንና የካንዴላ ገመዶቹን፣ በመጨረሻም የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚቀይረውን ቦቢና ለወጠ፤ ካርቡራተሩንም ፈትቶ አጠበ። እንዲያውም ቦቢናው ከተለወጠ ወዲህ መጥፋቱ የበዛ ይመስለኛል። አሁን የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋውን ፑንቲና አስወጥቼ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ልተካው እያሰብኩ ነው። ከዚያ በፊት ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ

ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከተለወጡት ዕቃዎች ዝርዝር ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው አንድ ሐረግ አለ፤ እርሱም «ሰው ቁልፉን ያዞረበት ይመስል» የሚለው ነው። የቤንዚን ሞተር በነዳጅ እጦት ሲጠፋና በእሳት፣ ማለትም በካንዴላው ብልጭታ፣ እጦት ሲጠፋ አጠፋፉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቤንዚን ከፓምፑ መምጣት ቢያቆም እንኳ በካርቡራተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ የቀረው ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል፤ መጠኑ እየጎደለ ሲሄድ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጡት ይብስበታል፣ የሚጠፋውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሳት ግን የሚጠራቀምበት ቦታ የለውም፤ ከተቋረጠ በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል ሁሉም ነገር ያበቃል። ስለዚህ የተነነ ቤንዚን መስመሩን ዘጋው የሚለው የመጀመሪያው ብይን ከሞቀ በኋላ መጥፋቱንና ሲቀዘቅዝ መነሣቱን የሚያስረዳ ቢመስልም ከእርስዎ አገላለጽ ጋር አይገጥምም። ሲሞቅ መጥፋትና ሲቀዘቅዝ መነሣት የእንፋሎት ብቻ ጠባይ አይደለምና፤ በውስጡ የተሰነጠቀ የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ተለያይቶ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ያረጀ ቦቢናም ሆነ ከፑንቲናው ጋር የሚሠራው ኮንዴንሰር ቀዝቃዛ ሳለ ጤነኛ መስሎ ሲሞቅ ሥራውን ይተዋል።

ሁለቱ መካኒኮች ያልተሳካላቸው በስንፍና አይመስለንም። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሚታየው ባለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ መኪናው ተነሥቶ እየሠራ ወደ ጋራዥ ሲገባ የሚመረመረው ጤነኛ ሞተር ነው፣ የትኛውም ዕቃ ቢለካ ልኩ ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ መካኒኩም ከግምት በስተቀር የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ዕቃ እየለወጡ መሞከር ደግሞ በእንዲህ ያለ ብልሽት ላይ ፈጽሞ አታላይ ነው። የእርስዎ መኪና ምንም ሳይነካ ሁለት ሳምንት ደኅና መሥራት የሚችል ከሆነ፣ አንድ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ ሁለት ሳምንት ደኅና መሥራቱ ስለ ዕቃው ምንም አያረጋግጥም። አራት ዕቃ በአንድ ቀን ከተለወጠ ደግሞ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ በየትኛው እንደጠፋ አይታወቅም፤ ቢብስ በየትኛው እንደባሰም እንዲሁ፤ ወደዚህ ጉዳይ ቦቢናው ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን። በመሆኑም ከአሁን በኋላ ምርመራው የሚካሄደው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ሞተሩ በጠፋበት ቦታ፣ ከመቀዝቀዙ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ምርመራውንም የሚያካሂዱት እርስዎ ነዎት።

ለዚህ የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነገር ነው፤ መያዣ ያለው ባለ 12 ቮልት አምፖል፣ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነ ፒንሳ፣ እንዲሁም ማስታወሻ ደብተር። አምፖሉ ክር ያለው የድሮው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አዲሶቹ ኤልኢዲ መብራቶች በጣም ጥቂት በሆነ ኤሌክትሪክ ስለሚበሩ ደካማ ግንኙነትን ደኅና አስመስለው ያሳያሉ። በደብተሩ ላይ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ምን ያህል እንደተነዳ፣ ዳገት ላይ ይሁን ሜዳ ላይ፣ ነዳጅ እየሰጡ ይሁን እግርዎን ባነሡበት ሰዓት፣ ታንኩ ምን ያህል እንደነበረው፣ መንገዱ ጎርበጥባጣ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ይጻፉ። ከአራትና ከአምስት ጊዜ በኋላ የሚደጋገም ነገር ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው ምርመራ መኪናው ገና እየተንከባለለ ሳለ የሚደረግ ሲሆን ከዓይን በስተቀር መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ እንደጠፋ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፣ ቁልፉን አይንኩ፣ ከዚያም የፊት ለፊቱን ሰሌዳ ይመልከቱ። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ከቆመ ቀዩ የዲናሞ መብራትና የዘይት መብራቱ መብራት አለባቸው። ሁለቱም ጨለማ ከሆኑ ኤሌክትሪኩ የተቋረጠው እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርም ከቦቢናውም በፊት፣ ማለትም በማስነሻ ቁልፉ ውስጥ ወይም ወደ እርሱ በሚያመጣው ሽቦ ላይ ነው፤ ምርመራዎም ከግማሽ በላይ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ፍሪሲዮኑን መርገጥ የግድ የሚሆነው፣ ካልረገጡት ጎማዎቹ ሞተሩን ማዞራቸውን ስለሚቀጥሉ ዲናሞውና የዘይት ፓምፑም አብረው ስለሚዞሩ፣ መብራቶቹ ላይበሩ ስለሚችሉና ስለሚያሳስቱዎ ነው። መኪናዎ መሪ የሚቆልፍ ቁልፍ ካለው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ቁልፉን ወደ ኋላ ማዞርም ሆነ ማውጣት እንደሌለብዎ እናሳስባለን።

መብራቶቹ በርተው ከሆነ ዳር ይያዙ፣ ማርሹን ነፃ ያድርጉ፣ የሞተሩን ክዳን ይክፈቱ። የአየር ማጣሪያውን ገና አይንኩት፤ ኤሌክትሪክ በሚመረመርበት ሰዓት ክፍት ካርቡራተር አጠገብ መኖር የለበትም። የአምፖሉን አንድ ጫፍ ቀለም ከሌለው የሞተሩ ብረት ጋር ያሥሩና ሌላውን ጫፍ በቦቢናው ላይ 15 ቁጥር በተጻፈበት ማያያዣ ላይ ያስነኩ፤ ኤሌክትሪክ ከቁልፉ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። እዚህ ካልበራ ወደ ቁልፉ የሚወስደውን ሽቦ ይከተሉ። ከበራ ጫፉን 1 ቁጥር ወደተጻፈበት፣ ማለትም ሽቦው ወደ ዲስትሪቢውተሩ ወደሚሄድበት ማያያዣ ያዛውሩና ሌላ ሰው በሞተሪኖ ሞተሩን እንዲያዞርልዎ ያድርጉ። ብቻዎን ከሆኑ ቁልፉን አብርተው በዲናሞው ፑሌ ላይ ያለውን ትልቅ ብሎን በ21 ቁጥር መፍቻ ቀስ ብለው ያዙሩት።

አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው እየተከፈተና እየተዘጋ ነው፤ ቦቢናው የመጀመሪያ ጥቅሉን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን የሽቦ ጥቅል) በሚመለከት ትእዛዝ እየደረሰው ነው። በርቶ ከቀረ ፑንቲናው ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ ብረት፣ መካኒኮች ማሳ ወደሚሉት፣ ማድረስ አቅቶታል፤ ፊቱ ተቃጥሎ ወይም ቆሽሾ፣ ክፍተቱ ተዛብቶ፣ ወይም ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ጨልሞ ከቀረ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ኤሌክትሪኩ ያለ ፑንቲናው ፈቃድ ወደ ብረቱ እየፈሰሰ ነው፣ ለምሳሌ ኮንዴንሰሩ ውስጡ ተነካክቶ ወይም የሽቦው ልባስ ተልጦ፣ ወይም ደግሞ የቦቢናው ጥቅል ራሱ ተቋርጧል። እነዚህን ለመለየት ከ1 ቁጥር ላይ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ነቅለው አምፖሉን በባዶው ማያያዣ ላይ ያስነኩ፤ ከበራ ቦቢናው ያስተላልፋል፣ ጥፋቱ ከዲስትሪቢውተሩ በኩል ነው፤ ካልበራ የቦቢናው ጥቅል ተቋርጧል። ይህ ሁሉ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ጋራዥ ውስጥ ከሚፈጀው ሦስት ቀን ግን የበለጠ ይናገራል። ቁጥሮቹ በሌሉባቸው ሌሎች አሮጌ መኪኖች ላይ በቁጥሮቹ ፋንታ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይገኛል፤ በብዙ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ከብረቱ ጋር የሚታሠረው የባትሪው ፖዘቲቭ ስለሆነ ምልክቶቹ ይገለበጣሉ እንጂ የአምፖሉ ምርመራ አይለወጥም።

አምፖሉ ብልጭ ድርግም እያለ ሞተሩ አልነሣ ካለ፣ ከቦቢናው መካከለኛ ማያያዣ ወደ ዲስትሪቢውተሩ ክዳን የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ከክዳኑ በኩል ነቅለው ትርፍ ካንዴላው ላይ ይሰኩት፤ ካንዴላውን ከካርቡራተሩና ከነዳጅ ቱቦዎች ራቅ አድርገው ከብረት ጋር በደንብ ያስደግፉትና ገመዱን በፒንሳው እንደያዙ ሞተሩ ይዙር። በእጅ አይያዙት፤ በዚህ ገመድ የሚያልፈው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከታየ ቦቢናው ሥራውን ሠርቷል፤ ቀጥሎ የሚጠረጠሩት የዲስትሪቢውተሩ ክዳንና በውስጡ እየዞረ እሳቱን ለየገመዱ የሚያደርሰው ሮተር ናቸው። ቀጭን፣ ቢጫ ወይም ምንም ብልጭታ ከሌለ ቦቢናው ወይም ኮንዴንሰሩ ነው።

አሁን ቃል በገባነው መሠረት ወደ ቦቢናው እንመለስ። ቦቢናው ከተለወጠ ወዲህ መጥፋቱ በዝቷል ያሉት ነገር ስሜት ብቻ ላይሆን ይችላል። ለ12 ቮልት መኪና የሚሸጡ ቦቢናዎች ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ሆነው በውስጣቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባትሪውን በቀጥታ የሚቀበል ሲሆን የመጀመሪያ ጥቅሉ ሲለካ 3 ኦም አካባቢ ያሳያል። ሁለተኛው ከፊቱ ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ሬዚስተር እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ሲሆን 1.5 ኦም አካባቢ ነው። የእርስዎ ቮልስዋገን ሬዚስተር የለውም። በስሕተት ሁለተኛው ዓይነት ተገጥሞ ከሆነ፣ ፑንቲናው በተዘጋ ቁጥር በ4 አምፔር ፋንታ 8 አምፔር ያልፋል፤ ቦቢናው ከመጠን በላይ ይግላል፣ የፑንቲናው ፊት ይቃጠላል፣ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላም ሞተሩ ይጠፋል፤ ይህም እርስዎ የሚፈልጉትን ብልሽት ፍጹም የሚመስል ሌላ ብልሽት ነው። ሁለቱን ሽቦዎች ነቅለው በ15 እና በ1 መካከል ይለኩ። መጀመሪያ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አገናኝተው የሚያሳየውን ቁጥር ከውጤቱ ላይ መቀነስ አይዘንጉ፤ ርካሽ መለኪያ በራሱ ገመድ ግማሽ ኦም ሊጨምር ይችላል። ቦቢናው ለእጅ የሚያቃጥል መሆኑ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ጤነኛውም ይሞቃል።

ሞተሩ መጥፋት የጀመረው ግን ቦቢናው ከመለወጡ በፊት ነውና የመጀመሪያው ጥፋተኛ አሁንም አልተገኘም። እኛ ብንጠየቅ አስቀድመን የምንፈትሸው ማንም ያልነካቸውን ሦስት ነገሮች ነው። እነርሱም ኮንዴንሰሩ፣ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሽቦና የማስነሻ ቁልፉ ናቸው።

ኮንዴንሰሩ ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ እንዳይዘልልና በቦቢናው ውስጥ ያለው መግነጢስ በቅጽበት እንዲወድቅ የሚያደርግ ትንሽ ቆርቆሮ ነው። ሲሞቅ የሚከዳ ኮንዴንሰር የተለመደ ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለ በመለኪያ ቢፈተሽም ደኅና ይመስላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ብቻ ዕቃ መለወጥን እንደ ምርመራ እንቀበላለን፤ ሌላ ምንም ሳይነካ እርሱ ብቻ ይለወጥ፣ ቀኑም በደብተሩ ላይ ይጻፍ። አዲስ ሁሉ ጥሩ አለመሆኑን ግን አስቀድመን እናስጠነቅቃለን፤ ዛሬ ለአሮጌ መኪኖች ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ኮንዴንሰርና ሮተር በጥራት ማነስ በብዛት ይወቀሳሉ፣ ያገለገለ ግን የሚሠራ የቀድሞ ኮንዴንሰር ካገኙ ከአዲሱ አያንስም።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ ብዙ ሰው የማያያት ናት። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን በቦታው የተጣበቀ አይደለም፤ ካርቡራተሩ ላይ ካለው የአየር መሳብ ጋር በቱቦ የተያያዘ መሣሪያ ሳህኑን እየሳበ የእሳቱን ሰዓት ያስቀድማል። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቮልስዋገኖች ላይ ሰዓቱ የሚቀደመው በዚህ መንገድ ብቻ ስለሆነ ሳህኑ ሰፊ ርቀት ይንቀሳቀሳል። ነዳጅ በሰጡና እግርዎን ባነሡ ቁጥር ወደ ፑንቲናው የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ትታጠፋለች፣ ትዘረጋለች፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ እንዲህ ስትታጠፍ የኖረች ሽቦ ልባሷ ሳይነካ መዳቧ ውስጥ ውስጡን ሊበጠስ ይችላል። የተበጠሱት ጫፎች ብዙውን ጊዜ ይነካካሉ፤ በአንድ የተወሰነ የሳህኑ ቦታ ላይ ወይም ሙቀት ልባሷን ሲያለሰልሰው ብቻ ይለያያሉ። ምርመራው ቀላል ነው። ቁልፉን አጥፍተው በ1 ቁጥር ላይ ያለውን ሽቦ ከቦቢናው ይንቀሉ፤ የኦም መለኪያውን አንዱን ጫፍ በሽቦው፣ ሌላውን በዲስትሪቢውተሩ አካል ላይ ያድርጉ፤ ፑንቲናው የተዘጋበት ቦታ እስኪደርስ ሞተሩን ያዙሩ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከዚያ የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከካርቡራተሩ በኩል ነቅለው በአፍዎ ይሳቡ፣ ይልቀቁ፣ ደጋግመው ይሳቡ፤ ሽቦዋንም በጣትዎ ያወዛውዙ። ቁጥሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቢዘልል ሽቦዋን ይለውጡ። ሲስቡ ሳህኑ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ መሳቢያው ተቀዷል፤ ይህ ሞተሩን ባያጠፋውም ጉልበት ያሳጣዋል። በዚያው አጋጣሚ የፑንቲናውን ክፍተት ይለኩ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ሦስተኛው ቁልፉ ነው። ከባድ የቁልፍ ማንጠልጠያ ለዓመታት የተንጠለጠለበት ማስነሻ ውስጡ ይላላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቁልፉን ሳያዞሩ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ ያድርጉት፤ ሞተሩ ከተንገዳገደ ምላሹን አገኙ። ካልተንገዳገደ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን ከባትሪው፣ ማለትም ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ባለ 10 አምፔር ፊውዝና ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ጊዜያዊ ሽቦ እስከ ቦቢናው 15 ቁጥር ይዘርጉ፤ ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ ነቅለው ጫፉን በቴፕ ይሸፍኑ፤ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች ግን ባሉበት ይተዉ። በዚህ ሁኔታ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ነድተው አንድም ጊዜ ካልጠፋ ጥፋቱ ከቁልፉ በኩል ነው። ሞተሩ በቁልፍ ሳይሆን በጊዜያዊው ማጥፊያ ብቻ እንደሚጠፋ አይርሱ፤ ሞተሩ ቆሞ ማብሪያውን አብርቶ መተውም ቦቢናውን ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እሳቱ ባለበት ሞተሩ አልነሣ ያለ እንደሆነ ብቻ ወደ ነዳጁ ይሂዱ። የአየር ማጣሪያውን አንሥተው ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጅ ይሳቡ፤ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ በማጠራቀሚያው ውስጥ ነዳጅ አለ። ካልተረጨ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ፉጨት ከሰሙ የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ፓምፑም ባዶውን ሲታገል ነበር። ከዚህ ውጭ በታንኩ ውስጥ ያለ ዝገት፣ በፓምፑ ውስጥ ያለችው ወንፊት መደፈንና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አየር መሳብ ይጠረጠራሉ። ቱቦዎቹ የቆዩ ከሆነ ለመጥፋቱ ምክንያት ባይሆኑም ይለወጡ፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮውን ጎማ ያደርቀዋል፣ በዚህ መኪና ላይ ደግሞ ቤንዚን የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተርና በዲስትሪቢውተር ላይ ነው። ሞተሩ የሚጠፋው በሚኒሞ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በካርቡራተሩ ጎን ያለውን የሚኒሞ ነዳጅ የሚዘጋ ኤሌክትሪክ ቫልቭ እንጠረጥር ነበር፤ ሽቦው ሲነቀልና ሲሰካ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ የሚቃጠል ፊት የለውም፣ ሰዓቱም በቀላሉ አይዛነፍም። ኮንዴንሰሩንና ፑንቲናውን አብሮ ስለሚያስወግድ ጥፋቱ እዚያ ከነበረ በአጋጣሚ ሊያድንዎትም ይችላል። ጥፋቱ ቁልፉ ወይም ሽቦው ከሆነ ግን ምንም አይለወጥም፤ ይባስ ብሎ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለቮልት መውረድ ከፑንቲና የበለጠ ስሱ ናቸው፣ 1.5 ኦም ቦቢና ላይ ሲገጠሙም የሚቃጠሉ አሉ። ከሁሉም በላይ በአምፖል ሊመረመር የሚችለውን ነገር በማይፈታ ትንሽ ሳጥን ይተካሉ። ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ ባያስገቡ እንመርጣለን።

ጥያቄ

ባለ አንድ ካርቡራተር አሮጌ መኪናዬ ብርድና ጭጋግ ባለባቸው ጠዋቶች ብቻ ከተነሣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሚኒሞው እየወረደ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ቆሜ ሳስነሣው ቀኑን ሙሉ አይመለስበትም። በደረቅ ብርድ ግን ምንም አይሆንም። ችግሩ የጀመረው የአየር ማጣሪያውን ክፍት በሆነው ዓይነት ከለወጥኩት ወዲህ ነው።

መልስ

ጥያቄዎ ምላሹን ይዞ መጥቷል። ቤንዚን በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፤ የጉሮሮው ሙቀት ከውጭው አየር በ20 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የውጭው አየር ከዜሮ እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ እርጥበት ካለው በመዝጊያው ሳህን ዙሪያ በረዶ ይሠራል፣ የሚኒሞውን ጠባብ መተላለፊያም ይዘጋዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ከሥሩ የሚወጣው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚመረምር መካኒክ የሚያገኘው ነገር የለም። በጣም ደረቅና ብርቱ በሆነ ብርድ የማይከሰተው በአየሩ ውስጥ በረዶ የሚሆን እንፋሎት ስለሚያንስ ነው።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር የሚስብበት ቱቦ ነበረው፤ አዲሱ የለውም። የቀድሞውን ከነቱቦው ይመልሱ፤ የሞቀና የቀዘቀዘ አየር የምታቀያይረው ክዳን እንደምትንቀሳቀስም ይመልከቱ። መልሰውት ችግሩ ከቀጠለ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ከሥር የሚያሞቀው የጭስ መተላለፊያ በጥላሸት ተደፍኖ እንደሆነ ይፈተሽ፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ያ ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍኗል።

ጥያቄ

ፍሬን ስይዝ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ

ሁለቱን ዋና ምክንያቶች የሚለየው መኪናውን አቁሞ መሞከር ነው። ሞተሩን በሚኒሞ ትተው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ የፍሬኑን ፔዳል ጠንከር አድርገው ይርገጡና ይያዙት። ሚኒሞው ከወረደ ወይም ከፔዳሉ በኩል የማያቋርጥ የአየር ፉጨት ከተሰማ፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ውስጡ ተቀዷል፤ ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ ጋር በቱቦ ስለተያያዘ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያልታሰበ አየር ወደ ሞተሩ ይገባና ድብልቁን ያሳሳዋል። ቱቦውን በማያያዣ ጨፍነው ሙከራውን ይድገሙት፤ ሚኒሞው ካልተነካ ተረጋግጧል። ይህንን የሚያደርጉት ቆመው ብቻ ነው፤ ቱቦው ተጨፍኖ መኪናው መነዳት የለበትም፣ ሰርቮው እስኪለወጥም ጉዞ ይቅርብዎ።

ቆሞ ሲረገጥ ምንም ካልሆነና የሚጠፋው በጉዞ ላይ በኃይል ሲቆም ብቻ ከሆነ፣ በካርቡራተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የተንሳፋፊው ከፍታ ለካርቡራተሩ ከተወሰነው ልክ ጋር ይስተካከል፤ የተንሳፋፊው መርፌ ካለቀችም አብራ ትለወጥ።